ሚያዝያ 1950

ቅዳሜ ረፋድ፣ ሀዋሳ፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ። ልጃቸው ከጂዳ 300 ዶላር የላከላቸው አዛውንት ከመስኮቱ ፊት ቆመዋል። ከፋይዋ መረጃቸውን እንዳስገባች ሲስተሙ ያዘው። ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ዓመት፣ ሦስቱም በተባበሩት መንግሥታት የማዕቀብ ዝርዝር ላይ ካለ ሰው ጋር ገጠሙ። ልጅቷ ደነገጠች።

«አባባ፣ ስምዎ አሸባሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ ይላል።»

ወረፋው ጸጥ አለ።

«የማን ስም?»

«የእርስዎ።»

«ልጄ፣ ይህን ስም ያወጡልኝ አያቴ ናቸው። ሌላ ማን እንደሚጠራበት እኔ በምን አውቃለሁ?»

መጀመሪያ ነገር ይህ ለደንበኛ አይነገርም። ሰውየው የእውነት ተፈላጊ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቅ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ተፈላጊ ካልሆነም ንጹሕ ሰው በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ከፋይ የሚለው «ተጨማሪ መረጃ ስለሚያስፈልገን ትንሽ ይጠብቁን» ብቻ ነው። ከዚያ ጉዳዩ ዝም ተብሎ ወደ ኮምፕሊያንስ፣ ማለትም ባንኩ ሕግ መከተሉን ወደሚቆጣጠረው ክፍል፣ ይሄዳል።

ዋናው ስህተት ግን መታወቂያው ላይ ነበር። የቀበሌው መታወቂያ «ሚያዝያ 1950» ይላል፤ ከፋይዋም 1950 ብላ አስገባች። ዝርዝሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሚያዝያ 1950 በእነሱ 1958 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ይህ ስህተት ንጹሑን ማስያዙ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ የሚፈለገው ሰው በዚያው በር ሰተት ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲስተሙ 8 ዓመት የራቀን ሰው «አይደለም» ብሎ ይለቃልና።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሦስተኛው ስም የአያት ነው። አረቡ አገር ያለው ላኪ «መሐመድ»ን ከአረብኛ አነባበብ ተነስቶ በላቲን ይጽፋል፣ እኛ ከአማርኛ። አንድ ስም በአምስት ዓይነት ፊደል ይመጣል። ስለዚህ የስም መመሳሰል መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ቀጥሎ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥርና የእናት ስም ይታያል። ዝርዝሩ ራሱ ቅጽል ስሞችን አስተማማኝና ደካማ ብሎ ይለያል፤ በደካማው ብቻ ሰው አይያዝም። ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ውይይት የለም። ንብረቱ ሳይዘገይ፣ ለባለቤቱም ቀድሞ ሳይነገር ይታገዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አልመጣም። ዝርዝሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1267 ነው፤ አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከደረሰው ጥቃት በኋላ ውሳኔ 1373 ሽብርን በገንዘብ መደገፍን ወንጀል ማድረግን በሁሉም አገሮች ላይ ግዴታ አደረገ። ያ ጥቃት የጠየቀው ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ነበር፤ ብዙው በተራ የባንክ ሂሳብና በባንክ ዝውውር ያለፈ። ገንዘቡ ትንሽና ንጹሕ መሳይ ስለሆነ ነው መጠን ብቻ ማየት የማያዋጣው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 የወንጀልና የሽብር ገንዘብን በሚከታተለው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ስለቆየች፣ ባንኮቹ ቀይ መብራት ሲያዩ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ግን ፍርሃትም ያስከፍላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የሶማሊያውን የሀዋላ ድርጅት አል-በረካትን ስታስዘጋ፣ ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የሚኖሩ ቤተሰቦች መንገዱ ተዘጋባቸው። በኋላ ጉዳዩን ያጣሩት፣ የሴፕቴምበር 11ዱን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን ባለሙያዎች፣ ድርጅቱን ከአል-ቃይዳ ጋር የሚያገናኝ ቀጥተኛ ማስረጃ አላገኙም።

የአዛውንቱ ጉዳይ ሰኞ ጠዋት በ20 ደቂቃ ተጣራ። የትውልድ ቦታው ሌላ፣ ዓመቱ ሌላ። ቅርንጫፉም ከትውልድ ዘመን መሙያው ጎን «ዓ.ም. / እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ አስጨመረ። ማኔጀሯ ራሷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። አዛውንቱ መጥተው 300 ዶላሩን በብር ተቀበሉ፣ ፈርመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው የሚልክላቸው ከጂዳ በሚመጣ ሰው እጅ ነው።