አጥንት የሌለው እንዴት ድንጋይ ላይ ቀረ?

ወሎ ውስጥ ስለ ቅሪተ አካል ስታስተምር ተማሪው ቀድሞ የሚያነሳው ሉሲን ነው። እውነቱን ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ሉሲ ስትገኝ ሐዳር በወሎ ሥር ነበረች። ግን ሉሲ አጥንት ናት። አንዲት ተማሪዬ "ቲቸር፣ አጥንት የሌለውስ?" አለችኝ። ደሴ ቤቴ በረንዳ ላይ ሁለት ሳፋ ያስቀመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ሬጅ ስፕሪግ የተባለ ጂኦሎጂስት በደቡብ አውስትራሊያ፣ ኤዲያካራ ኮረብቶች፣ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የለስላሳ ፍጥረታት አሻራ አገኘ። ዕድሜያቸው 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛጎልም አጥንትም የላቸውም። ዲኪንሶኒያ የምትባለው ጠፍጣፋና ሸንተረራም ናት፤ አንዳንዷ ከ1 ሜትር ትበልጣለች። አሸዋ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፍ ሻካራ ነገር ነው። እንዴት ያዛት? (እኛ ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ ብንፈልጋት አናገኛትም። የአካባቢያችን ድንጋይ በአብዛኛው የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባዛልት ነው።)

መልሱ ያኔ የባሕሩን ወለል የሸፈነው የረቂቅ ተሕዋስያን ምንጣፍ ነው። እሱን ነው ለማብቀል የሞከርኩት።

ከቦርከና ወንዝ ደቃቅ አሸዋ አመጣሁ። ከሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ የሚጣበቀውን አረንጓዴ ዝልግልግ ከነውሃው ቀዳሁ። ጥቂት ጀሶ ጨመርኩ፤ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ በባሕር ውሃ ያለውን ሰልፌት ይተካልኛል። የምስማር ዝገትም ፍቄ በተንኩበት። ሁለተኛው ሳፋ ይኸው ሁሉ አለው፣ ዝልግልጉ ብቻ ሲቀር።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ችኮላ አይሠራም። ውሎ አድሮ አሸዋው እንደ ወተት ስልባቦት ያለ አረንጓዴ ሽፋን ለበሰ። በሁለቱም ላይ የሞተ የምድር ትል አስተኛሁና፣ ማዕበል እንደሚያደርገው፣ ደቃቅ አሸዋ አለበስኳቸው።

ስከፍተው ምንጣፍ የሌለው ሳፋ ልል አሸዋ ብቻ ነበር። ትሉ የለም፣ ምልክቱም የለም። በሌላኛው ግን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ወጣ፤ አሸዋው ጠቁሮ ተያይዟል። ከላይ ያለበስኩትን አሸዋ ገልብጬ ሳየው የትሉ ቅርጽ፣ ከነቀለበቶቹ፣ ሥሩ ላይ ታትሟል! የኤዲያካራ አሻራዎችም በብዛት የሚገኙት ከድንጋዩ ንጣፍ ሥር ነው።

ያቆየው መበስበሱ ራሱ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያዎች በሰልፌት እየታገዙ ምንጣፉንና ገላውን ሲበሉ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ሽታው የሱ ነው፤ ስለዚህ ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ጋዙ ከብረት ጋር ሲዋሃድ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይሆናል፣ ውሎ አድሮም ፓይራይት የተባለው ማዕድን። ይህ የአሸዋውን ቅንጣቶች አያይዞ፣ ገላው ሳይጠፋ መልኩን ይይዛል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጄምስ ጌህሊንግ እ.ኤ.አ. በ1999 "የሞት ጭንብል" ያለው ይህንን ነው። አሸዋውን በፍጥነት ያጠነከረው በባሕሩ ውስጥ የበዛው ሲሊካ (የአሸዋ ዋናው ንጥረ ነገር) ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የእኔ ሳፋ ይህን ክርክር አይፈታም። ደግሞም የእኔው ቅሪተ አካል አይደለም፣ የመጀመሪያዋ እርምጃ ብቻ ናት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያልጠበቅኩት ነው። ከሐይቁ ውሃ ጋር ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች መጥተው ኖሮ የሳፋውን አንድ ጥግ ምንጣፍ ግጠው ጨረሱት። በምድር ታሪክም እንስሳት አሸዋ መቆፈርና ምንጣፉን መጋጥ ሲጀምሩ፣ ከ540 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ፣ ይህ ዓይነቱ አሻራ ብርቅ እየሆነ ሄደ። ተማሪዎቼ አሁን ሦስተኛ ሳፋ እያዘጋጁ ነው። ቀንድ አውጣዎቹን ሆን ብለው ሊጨምሩበት ነው።