ሩቡን ዘርዝርልኝ፦ ክፍልፋይን በካርቶንና በእጣ

የማስተምረው አራተኛ ክፍል ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ልጆቹ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ክፍለ ጊዜዋ ደግሞ 40 ደቂቃ ናት። የክፍልፋይ ጨዋታ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመከረው ታብሌት ወይም ባለቀለም የፕላስቲክ ቁሳቁስ ነው። እኔ ያለኝ ካርቶን፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ጠመኔ ነው። በዚሁ ተወጣሁት።

ክፍልፋይ ለልጆች የሚከብደው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። እስከዚህ ክፍል ድረስ 8 ከ4 ይበልጣል ሲባሉ ነው የኖሩት። ከዚያ ድንገት ተነስተን 1/8 ከ1/4 ያንሳል እንላቸዋለን። 1/2 እና 1/3 ደምሩ ሲባሉም ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው 2/5 ብለው ቁጭ ነው። ግን እኮ 2/5 ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ በታች እንወርዳለን? ይህ ጥያቄ ከራሳቸው ካልመጣ ሕጉን ቢሸመድዱት በሳምንቱ ይረሱታል።

ብዙ ቦታ ጨዋታ የሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ረድፍ ከረድፍ ይፎካከራል፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፣ ላሸነፈ ከረሜላ ይሰጣል። ሞቅ ሞቅ ይላል፣ አልክድም። ግን የሚመልሱት ሁሌም እነዚያው ጎበዞች ናቸው። የቀረው ያጨበጭባል። ልጁ ክፍልፋዩን በእጁ ካልነካው፣ ካልቆረጠው፣ ካልለወጠው እኔ ጨዋታ አልለውም።

ስለዚህ ካርቶን መቁረጥ ጀመርን። ካርቶኑን ከሰፈር ሱቅ በነጻ አገኛለሁ፣ የብስኩት ወይም የፓስታ ማሸጊያ ነው። ከእሱ አንድ ሙሉ ብለን የምንቆርጠው ቁራጭ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። ለምን 12? ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ሩቡ 3፣ አንድ ስድስተኛው 2፣ አንድ አሥራ ሁለተኛው 1 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ነው። ማስመሪያ ያለው ልጅ ሁሉ በትክክል ይቆርጠዋል። 10 ሴንቲሜትር ብታደርጉት ሲሶው ላይ መከራ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ክብ ይወዳሉ። እርግጥ አምባሻ ግማሽና ሩብን ለማሳየት ይመቻል። ነገር ግን ክብን ሦስት እኩል ቦታ መክፈል ለአዋቂም ያስቸግራል። ቁራጮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደርም አይመችም። ክቡን በኋላ አመጣዋለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። የፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላ ይዞርና ስድስት ልጅ አንድ ቡድን ይሆናል። አንዱ ባንክ ነው፣ ቁራጮቹ በሙሉ እሱ ጋ ይቀመጣሉ። ሌሎቹ አምስቱ ፊታቸው ባለ 12 ሴንቲሜትሩን ሙሉ ያስቀምጣሉ። ባዶ ጣሳ ውስጥ 1/2፣ 1/3፣ 1/4፣ 1/6 እና 1/12 የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ እጣዎች አሉ። ተራው የደረሰው እጣ ያወጣል፣ የወጣለትን ቁራጭ ከባንክ ተቀብሎ ሙሉው ላይ ይደረድራል። ቀድሞ ልክ የሞላ ያሸንፋል። ቁራጩ ከሙሉው ካለፈ እጣው ወደ ጣሳው ይመለሳል፣ ተራውም ያልፈዋል።

አንድ ቀን ከኋላ በኩል ጩኸት ተነሳ። «ቲቸር፣ አጭበረበረች!» ሄድኩ። ልጅቷ ግማሽና ሲሶ ደርድራለች። የቀራት 2 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 1/6 ብቻ ነው። የወጣላት ግን ሩብ። በሕጉ ተራዋ ማለፍ ነበረበት። እሷ ግን ለባንኩ፣ «ሩቡን ውሰድና አንድ ስድስተኛና አንድ አሥራ ሁለተኛ አድርገህ ዘርዝርልኝ» ትለዋለች። እሱም እንደ ባለሱቅ ዘረዘረላት። ስድስተኛዋን ገጥማ ሞላች፣ አሥራ ሁለተኛዋ እጇ ላይ ቀረች። ግማሹ ቡድን ትክክል ናት ይላል፣ ግማሹ ሌባ ናት። እኔ አልፈረድኩም። «ለኩት» አልኳቸው። 2 እና 1፣ 3 ሴንቲሜትር። ሩቡም 3። ዝም አሉ። ከዚያ አዲስ ሕግ ወጣ፦ መዘርዘር ይቻላል፣ ግን ልክ መሆኑን ለክቶ የሚያሳየው ያዘረዘረው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ እጣው ተረሳ ማለት ይቻላል፣ ደስታቸው ዝርዝሩ ላይ ሆነ። አቻ ክፍልፋዮች የሚለው ርዕስ ላይ ስንደርስ ልጆቹ ቀድመውኝ ነበር። 1/2 እና 1/3 ደምሩ ስላቸውም ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ዘርዝረው 3/6 እና 2/6፣ 5/6 ይላሉ። የጋራ ታህት ፈልጉ ብዬ ገና አላስተማርኩም።

ሌላው ጨዋታ ከዚህም ይቀላል። ከ1 እስከ 9 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ብቻ ይበቃሉ። ልጁ አንድ ቁጥር ያነሳና ላይ ወይም ታች ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛውን ከማየቱ በፊት። ከዚያ ሁለተኛውን በቀረው ቦታ ያደርጋል። ክፍልፋዩ የሚበልጥ ያሸንፋል። 8 ሲወጣለት የት ያድርገው? መጀመሪያ አካባቢ ታች የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። ሁለት ሦስቴ ሲበሉ ይነቃሉ። ያን ጊዜ ሕጉን ገልብጬ የሚያንሰው ያሸንፋል እላለሁ። አንዱ 5/7፣ ሌላው 4/6 ይዞ ሲከራከሩ ደግሞ ከሙሉው የሚጎድለውን እዩ እላቸዋለሁ። አንዱ ሁለት ሰባተኛ፣ ሌላው ሁለት ስድስተኛ ይጎድለዋል። ሰባተኛ ከስድስተኛ ስለሚያንስ 5/7 በለጠ። ይህቺን ዘዴ አንዴ ከያዙ አይለቋትም።

ሜዳ ላይ 0፣ 1፣ 2 ጽፈን፣ መሃሉን በሩብ ሩብ አስምረን የምንዘልበትም አለ። ሰኞ ማክሰኞ የለመደ እግር አይቸገርም። ፈተናው 5/4 ስል ነው። አብዛኞቹ 1 ላይ ቆመው ያዩኛል። «ሱቅ ተልከህ ስኳር ሩብ ኪሎ አምስት ጊዜ ብትገዛስ?» «ኪሎ ከሩብ!» እና ይዘላሉ።

ሦስት ዳቦ ለአራት ልጅ የሚለውንም እወደዋለሁ። አንዱ ቡድን ሁሉንም አራት አራት ቦታ ይቆርጣል፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሩብ። ሌላው ሁለቱን ዳቦ ይገምስና ሦስተኛውን አራት ቦታ ይቆርጣል፣ ለአንድ ሰው ግማሽና ሩብ። ማን በለጠ ብሎ ክርክር ነው። የጥንት ግብፃውያን ከ3,500 ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ጽፈዋል፣ 6 ዳቦ ለ10 ሰው። መልሳቸው ለአንድ ሰው ግማሽና አንድ አሥረኛ ነው።

ለሚሞክር መምህር፣ ቁራጮቹ ይጠፋሉ። በተለይ አሥራ ሁለተኛዋ። ለየቡድኑ አንድ ፖስታ ስጡና ሲመልሱ ባንኩ ይቁጠር። ጩኸትም አለ፣ የጎረቤት ክፍል መምህር ብቅ ማለቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለደብተር አስቀሩ። እያንዳንዱ ልጅ የሞላውን ይጽፋል፦ 1/2 + 1/3 + 1/6 = 1። ይህ ካልተጻፈ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፣ ፈተና ላይ አይገኝም።

አሁን ቶሎ ለሚጨርሱት የምሰጠው ጥያቄ አለ። አንድ ዓይነት ቁራጭ ሁለቴ ሳትጠቀሙ ሙሉውን በስንት መንገድ ትሞሉታላችሁ? አንደኛው ያው ከላይ የጻፍኩት ነው። ሁለተኛው 1/2 + 1/4 + 1/6 + 1/12። ሌላ የለም። ሦስተኛ አገኘሁ ብሎ እየሮጠ የሚመጣ ግን አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ግማሽ፣ ሲሶና አሥራ ሁለተኛ ነው የሚያመጣው። ለካው እለዋለሁ። አንድ ሴንቲሜትር ይጎድላል።