ያልነበረው መክፈቻ

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተሰኘውን፣ ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ሲበሉ የሚያሳየውን የጆርጅ ሮሜሮን አስፈሪ ፊልም ለአሁኑ ዘመን ወጣት ተመልካች እንደገና ለመሥራት በተነሣንበት ወቅት፣ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የቀድሞውን ፊልም ትዕይንት በትዕይንት ፈትቼ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነበር። በእያንዳንዱ ትዕይንት ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ምን ድምፅ እንደሚሰማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመልካቹ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ እመዘግባለሁ። ጸሐፊዎቹና ዳይሬክተሩ የሚያስቀሩትንና የሚለውጡትን የሚወስኑት ይህን ሰነድ ይዘው በመሆኑ፣ በእሱ ላይ የገባ ስሕተት ከእሱ በኋላ በሚመጣው ሥራ ሁሉ ላይ ይጋባል።

ይህን ፊልም እንድንመርጥ ካደረጉን ምክንያቶች አንዱ የመብቱ ጉዳይ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ርእስ ነበረው፤ አከፋፋዩ ርእሱን ሲለውጥ፣ በቀድሞው የርእስ ጽሑፍ ላይ የነበረው የቅጂ መብት ማስታወቂያ በአዲሱ ላይ ሳይገባ ቀረ። በጊዜው የነበረው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማስታወቂያው በተሰራጩት ቅጂዎች ላይ እንዲኖር ያስገድድ ስለነበር፣ ፊልሙ የሕዝብ ንብረት፣ ማለትም ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት የሚችል ሥራ፣ ሆኖ ቀረ። ሠሪዎቹ ከድካማቸው ሊያገኙት ይገባ የነበረውን ብዙ ገንዘብ ያጡበት ይህ ክፍተት፣ ከእነሱ በኋላ ለመጣን ሰዎች በሩን ከፍቶልናል። ነገር ግን ማንም ሊያባዛው፣ ሊቆርጠውና ቀለም ሊቀባው በመቻሉ፣ በየቦታው የሚገኙት ቅጂዎች እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ። እኔ ከእነዚህ መካከል ምስሉ ከሁሉም የጠራውን መርጬ፣ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ሥራዬን ጀመርኩ።

በዚያ ቅጂ መክፈቻ ላይ፣ ሕፃን በመግደል ወንጀል ሞት የተፈረደበት ሰው አስከሬን ለቀብር ወደ መቃብር ስፍራው ይመጣል፤ ከዚያም ይነሣል። ትዕይንቱን በጣም ወደድኩት። የዛሬ ተመልካች ምክንያት ሳይነገረው የሚታገሥ ስላልመሰለኝ፣ በሰነዱ ኅዳግ ላይ «አዲሱ ፊልም መነሻ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዎቹም ምክሬን ተቀብለው ሰውዬውን አሰፉት፤ ስም፣ የልጅነት ታሪክና እናት ሰጡት። በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ መክፈቻው ዐሥራ ሁለት ገጽ ሆነ።

ስሕተቱን ያገኙት የድምፅ ባለሙያችን ናቸው። በሙያው ከሁላችን በዕድሜም በልምድም የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ለአዲሱ ፊልም የሚሆነውን ሙዚቃ ለማሰብ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህን ቅጂ ከየት አመጣኸው?»

ከኢንተርኔት እንዳገኘሁትና በምስሉ ጥራት እንደመረጥኩት ነገርኳቸው።

«ምስሉን ተወው፤ ይህ ሙዚቃ የዚያ ፊልም አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሙዚቃ ለማስደረስ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የተጠቀሙት ከሙዚቃ ማከማቻ የተገዛ፣ ቀድሞ የተቀረጸ ሙዚቃ ነው። አንተ የያዝከው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።»

በዚያው ምሽት ስመረምር በእጄ የነበረው የ1999 እትም ሆኖ አገኘሁት። ለፊልሙ 30ኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ፣ ከዋናው ፊልም ጸሐፊዎች አንዱ በነበረው በጆን ሩሶ መሪነት፣ አዲስ የተቀረጹ ትዕይንቶችና አዲስ ሙዚቃ ተጨምረውበት የወጣ ነው። ሮሜሮ በዚህ እትም ሥራ አልተሳተፈም። የወደድኩት መክፈቻ በ1968ቱ ፊልም ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ የሕዝብ ንብረት የሆነው የጥንቱ ፊልም ብቻ መሆኑና በኋላ የተጨመረው ክፍል የራሱ ባለመብት ያለው መሆኑ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ገጾች የተጻፉት በሌላ ሰው ንብረት ላይ ነበር ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ለሁሉም ተናገርኩ፤ ገጾቹም እንዲወጡ ተደረገ። ዳይሬክተራችን ቁጣ አላሳዩም፤ ብቻ «እንግዲያው ዋናውን አሁን አብረን እንየው» አሉ።

ያንን መክፈቻ በጥንቃቄ ያየሁት ያን ዕለት ነው ብል እውነት ነው። ባዶ መንገድ ይታያል፤ ከሩቅ አንዲት መኪና ትመጣለች። ወንድምና እኅት በአባታቸው መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩ መጥተዋል። ወንድምየው በመንገዱ ርዝመት ያማርራል፤ ቀጥሎም እኅቱን እንደ ልጅነታቸው ዘመን ያስፈራራታል። በዚህ መካከል ከበስተኋላ፣ በመቃብር ድንጋዮቹ መካከል፣ አንድ ቀጭን ሰው ሲራመድ ይታያል። ማንም ልብ አይለውም፤ የ1968 ተመልካችም ልብ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። እስከዚያ ድረስ በፊልም የሚታወቀው ዞምቢ በአስማት ተይዞ ለሌላው የሚገዛ ሰው ነበር፤ በመንጋ የሚመጣና የሰው ሥጋ የሚበላ ሙት ዛሬ በምናውቀው መልክ የተስፋፋው ከዚህ ፊልም ወዲህ ነው። «ዞምቢ» የሚለው ቃል ራሱ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይነሣም። ሙታኑ ለምን እንደተነሡም ፊልሙ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ከቬነስ ስለተመለሰች መንኮራኩርና ስለ ጨረር በቴሌቪዥን የሚነገረው ግምት ግምት ሆኖ ይቀራል። እኔ የወደድኩት ጭማሪ ግን ያን ከሩቅ የሚራመድ ሰው አስቀድሞ ያስተዋውቀናል፤ ስለዚህ ሲመጣ የምናየው የምንጠብቀውን ሰው ነው። ይህን ትዕይንት ማብራራት ማለት ማፍረስ እንደሆነ አሁን በፍጹም አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ዋናውን ማወቃችን ችግራችንን አላቀለለውም፤ እንዲያውም አከበደው። የዛሬ ተመልካች በመቃብር ስፍራ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ባየ ጊዜ ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ያን የመጀመሪያውን አለማወቅ ልንመልስለት አንችልም። በ2004 እንደገና የተሠራው ሌላው የሮሜሮ የዞምቢ ፊልም «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» ሙታኑን በማስሮጥ ፍርሃቱን ከፍጥነት ለማምጣት ሞክሯል፤ እኛ ግን የምንፈልገው ይህን አልነበረም። የረዳን የ1968ቱ ፊልም ዳግም ሥራ የሆነው፣ ሮሜሮ ራሱ ስክሪፕቱን እንደገና የጻፈውና ቶም ሳቪኒ በ1990 ያዘጋጀው ፊልም ነው። እዚያም ወንድምየው እኅቱን ሲያስፈራራ አንድ አረጋዊ እየተንገዳገደ ይመጣል፤ ተመልካቹም «ይኸው» ይላል። ሽማግሌው ግን ሕያው ነው፤ ይቅርታ እየጠየቀ አልፏቸው ይሄዳል። እውነተኛው ሙት የሚመጣው ልባችን ካረፈ በኋላ ነው። ይህ የተመልካቹን ዕውቀት አክብሮ፣ በዚያው ዕውቀት እሱን መያዝ ነው፤ አንድን ሥራ ለአዲስ ትውልድ ማደስ ማለት ይህ ይመስለኛል።

ያንን መንገድ መድገም አልፈለግንም፤ ያሳየንን ግን ይዘን ቀጠልን። በአዲሱ ስክሪፕት መቃብር ስፍራው ባዶ አይደለም፤ ሙታናቸውን ሊጠይቁ የመጡ አረጋውያን ሞልተውበታል፤ ሁሉም ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ዞምቢን የሚያውቅ ተመልካችም እያንዳንዳቸውን መጠርጠሩ አይቀርም። የድምፅ ባለሙያው ገጾቹን ካነበቡ በኋላ በዚህ ትዕይንት ሙዚቃ እንዳይኖር ለመኑን፤ እንዲሰማ የፈለጉት በጠጠር ላይ የሚረግጥ እግር ብቻ ነው። ሐዘንተኛ ሁሉ መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ ይዘገያል፤ ይቆማል። ከድምፆቹ መካከል አንዱ ግን የትኛውም መቃብር አጠገብ ሳይዘገይ፣ በዚያው አረማመድ ይቀጥላል።