ወጨጫን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ፦ አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ የነበረው

ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከሰበታ በላይ የሚታይ፣ እሳተ ገሞራነቱ ከጠፋ ረጅም ዘመን ያለፈው ተራራ ነው። አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ ከመስቀል አደባባይ ጋር ሲነጻጸር ወደ 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በምዕራብ ጎኑ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን አቋርጦ አናቱ ድረስ መውጣትና በዚያው ቀን ተመልሶ ቤት መግባት ለጤነኛ ሰው የሚቻል ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፣ እኮራበታለሁም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጉዞ የደረሰብንን ሌላው ሰው እንዲደርስበት ስለማልፈልግ ይህን እጽፋለሁ።

መንገዱ አያስቸግርም። የጅማውን አስፋልት ይዞ ሰበታን ካለፉ በኋላ ወደ ቀኝ በጠጠር መንገድ መታጠፍ፣ በር ላይ የመግቢያ ክፍያ መፈጸም፣ ከዚያ በእግር መነሣት ነው። ለስንቅ ጭኮ ወይም ቆሎ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውኃ፣ ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ ይበቃል።

የተበላሸው ሰዓቱ ነው። ያን ጊዜ የሄድኩት ቅዳሜና እሑድ ሰው ሰብስቦ ከሚያወጣ የጉዞ አዘጋጅ ጋር ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። መነሻችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው ተብለን በሰዓቱ ደርሰን ሳለ፣ ያረፈዱት እስኪሰበሰቡ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን ከ2 ሰዓት በኋላ ተነሣን። መንገድ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ በር ላይ ለፎቶግራፍ ተሰለፍን፤ በእግር መሄድ ስንጀምር 5 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አስተባባሪውን ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ አናቱ ላይ ብንደርስም ባንደርስም በስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አይዞህ፣ አናቱን ሳንረግጥ አንመለስም» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከሠላሳ በላይ ሰው ኃላፊነት የተቀበለ ሰው ለጥያቄዬ የሰጠኝ ሰዓት ሳይሆን ፉከራ ነበርና።

ደኑ ራሱ ግሩም ነው። ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው እጅግ ያረጁ ናቸው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል፤ ቀድሞ የደረሰና ድምፁን ዝቅ ያደረገ የምኒልክ ድኩላም ሊያይ ይችላል። እኛ ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጫጫታ፣ ድኩላ የማየት ዕድል አልነበረንም።

ከደኑ በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል። 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ነበርን፤ ጉሙም ወረደ። መሪው ከፈጣኖቹ ጋር ወደፊት ሄዷል፤ ከኋላ የሚጠብቅ ሰው አልተመደበም። አንዲት እኅት ጉልበቷ አብጦ መራመድ ስላቃታት ጥቂቶቻችን ከእርሷ ጋር ቀረን፤ ወደ አናቱ መሄዱን ትተንም መውረድ ጀመርን። ሰፊና የተረገጠ የሚመስለውን መንገድ ተከተልን። መንገዱ ግን ወደ ታች አይወርድም፤ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል፤ ጭቃው ላይ የነበረውም የሰው ኮቴ ሳይሆን ውኃ ያቆረ የከብት ኮቴ ነበር። ከብቶቹን ሲሰበስቡ ያገኘናቸው አንድ አባት በኦሮምኛም በአማርኛም እያደረጉ፣ «ይህ የከብት መንገድ ነው፤ ወደ ውኃ እንጂ ወደ ሰው ቤት አይወስድም» አሉን። ከዚያም ጭራሮ የሚሸከሙ ሴቶች ወደሚወርዱበት ቀጭን መንገድ አደረሱን፤ መንገዱ ዳርና ዳር ከሸክም የረገፈ ቅርፊትና የተሰበረ ጭራሮ ስለነበረበት ከዚያ ወዲያ አልጠፋንም።

በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ከመጥለቋ በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም፤ ደን ውስጥ ሲሆን ጨለማው ይብሳል። ሁላችንም በስልካችን ባትሪ እያበራን፣ እርሷን ግራና ቀኝ ደግፈን አውቶቡሱ ዘንድ ስንደርስ ሌሊቱ ገብቶ ነበር። አስተባባሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ቅሬታችንን ብናቀርብ፣ «ተራራ ነው፣ ያጋጥማል» አለ። ተራራው ምን አደረገ? ሦስት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይና በር ላይ የባከነው በተራራው ምክንያት አይደለም።

በኋላ በራሴ መንገድ ወጣሁት። ለአምስት ሰው ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን፤ የሚያስገባን ሰው እንዲኖር በዋዜማው ደውለን ነበር። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መሪ ቀጠርን፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አናቱ ላይ ቆምን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር በምሥራቅ ከተማውንና የረርን፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ዝቋላን አየን። 10 ሰዓት ሳይሆን ሱባ ተመልሰን ምሳችንን ጽድ ሥር በላን።

«ለደኅንነት በብዛት ሂዱ» የሚለውን የተለመደ ምክር እኔ አልቀበለውም። የአካባቢውን ጸጥታ ከመነሣት በፊት እዚያው ከሚኖሩ ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከስድስት የማይበልጥ፣ እርስ በርሱ የሚጠባበቅ ቡድን ከአውቶቡስ ሙሉ ሰው ይሻላል። የትም ብትደርሱ 7 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን አዙሩ። የጉዞ አዘጋጅ ይዛችሁ ከሆነም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓትና ከኋላ የሚሄደውን ሰው ማንነት ጠይቁ፤ ሁለቱን የማይመልስ ከሆነ አትክፈሉት። የግንባር መብራት በጠዋት ብትነሡም ያዙ። ብዙዎች አደይ አበባን ለማየት በመስከረም ይጓዛሉ፤ በዚያ ወቅት ጭቃው ገና ስለማይደርቅና የጠጠሩ መንገድም መኪና ስለሚይዝ፣ እኔ የምመርጠው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው።