ከንስሩ ራስ በላይ ያለው ቦታ

የአልባኒያን ባንዲራ አብዛኞቻችን ያወቅነው ከኳስ ነው። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ስዊዘርላንድ ሰርቢያን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ያኔ አርሰናል የነበረው ግራኒት ዣካ እና ሻኪሪ ጎል አግብተው አውራ ጣታቸውን አቆላለፉና መዳፋቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉ። የሁለቱም ቤተሰቦች ከኮሶቮ የመጡ አልባኒያውያን ናቸው። ክንፉም የባንዲራው ንስር ክንፍ ነው። ፊፋ እያንዳንዳቸውን 10,000 የስዊዝ ፍራንክ ቀጣቸው።

እኔ ደግሞ ከዚህ ንስር ጋር በሥራ ተገናኘን። ሚላን ውስጥ ግራፊክስ እሠራለሁ። ካፌ ያለው አንድ አልባኒያዊ ደንበኛዬ ለኖቬምበር 28 ግድግዳውን በአገሩ የድሮና የአሁን ባንዲራዎች መሙላት ፈለገ። ቀኑ ለእነሱ የነጻነትም የባንዲራም በዓል ነው። «ከስካንደርቤግ ጀምረህ እስከ ዛሬ በተርታ ደርድርልኝ» አለኝ። ስካንደርቤግ የድሮ ጀግናቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር መሥራት ለምታስቡ፣ እንዴት እንደሠራሁት እነሆ። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ኮምፒውተር አልከፈትኩም። ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፤ ምኑ ነው የተቀየረው? የአልባኒያ ነገር ለሠዓሊ ደስ ይላል። የጎረቤቶቿ ባንዲራ ቀለሙም ቅርጹም ሲለዋወጥ ኖሯል። የእሷ መደብ ቀይ ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፣ አለቀ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚለወጠው ከንስሩ ራስ በላይ ወይም ከጎኑ የሚጨመረው ነገር ነው። የኛ አገር ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም። ሦስቱ ቀለማት እንዳሉ ሆነው መሐሉ ላይ አንበሳ ሲገባና ሲወጣ፣ ኮከብ ሲመጣ አይተናል።

ስለዚህ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ቀዩን መደብ በአንድ ሌየር (ንብርብር)፣ ንስሩን በሌላ፣ ጭማሪውን በሦስተኛ አደረግኩ። ንስሩ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ግማሹን ብቻ መሣል ይበቃል። አንድ ራስ፣ የወጣች ምላስ፣ አንድ ክንፍ፣ አንድ እግር ከነጥፍሩ። ከዚያ መስተዋት ላይ እንዳለ ምስል ገልብጦ መግጠም ነው። ሙሉውን እሥላለሁ ያለ ሰው ሁለቱ ምንቃሮች መቼም እኩል አይመጡለትም።

ግን የዛሬው ንስር ለሁሉም ዘመን አይሆንም። የዛሬው የተጣራ፣ ሹል፣ ማኅተም የሚመስል ነው። የድሮዎቹ በእጅ የተጠለፉ ናቸው፤ አንዱ ወፈር ይላል፣ ሌላው አንገቱ ይረዝማል። ለድሮዎቹ ከፎቶግራፍ እያየሁ ሌላ ንስር ሣልኩ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ «ታሪካዊ» ባንዲራዎች የዛሬውን ንስር ገልብጠው የድሮ ዓመት የጻፉበት ናቸው። ይህን ማየት ከለመዳችሁ በኋላ ዓይን አያርፍም።

የስካንደርቤግ ከባዱ ነው። ሰውዬው ጌርጊ ካስትሪዮቲ ይባላል። በ1443 ከኦቶማን ጦር ከድቶ ክሩያ የምትባለውን ከተማ ያዘና እስከ ሞተበት እስከ 1468 ድረስ ተዋጋ። ከሞተ በኋላ ታሪኩን የጻፈ አንድ ቄስ ባንዲራው ቀይ፣ ንስሩ ጥቁርና ባለ ሁለት ራስ እንደነበር ይናገራል። የንስሩን ላባ ግን አልቆጠረልንም። ስለዚህ ይህኛውን ቀለል አድርጌ፣ ዳሩን ትንሽ አሻክሬ ሣልኩትና ከሥሩ «በጽሑፍ እንደተነገረው» አልኩ። ለማስረጃ ያልበቃን ነገር ቁልጭ አድርጎ መሣል ውሸት ይመስለኛል።

ቀጥሎ 1912 ነው። ኖቬምበር 28 ቭሎራ ላይ ኢስማኢል ቸማሊ ነጻነት ሲያውጅ ባንዲራውን ሰቀለ። የጠለፈችው ማሪጎ ፖሲዮ ናት ይባላል። ደንበኛዬ ስሟ ከሥሩ ካልተጻፈ አልቀበልም ብሎ ድርቅ አለ። ጻፍኩ።

በ1914 አልባኒያን ሊገዛ መጥቶ ስድስት ወር ያህል ብቻ የቆየው ጀርመናዊው ልዑል ዊልሄልም ቪድ ለንስሩ መብረቅ አስጨበጠው። በ1916 ኮርቻ ከተማ በፈረንሳይ ጦር ሥር ራሷን ስታስተዳድር ደግሞ ባንዲራው ላይ የፈረንሳይ ሦስት ቀለማት ያሉት ሪባን ታሰረበት። ለኔ ከሁሉም የምትጥመኝ ይቺ ናት። ንስሩን አልነኩትም፤ ሪባን ብቻ አሰሩለት!

አህመት ዞግ በ1928 ራሱን ንጉሥ ሲያደርግ ከንስሩ በላይ የስካንደርቤግን የራስ ቁር አመጣ። ቁሩ የእውነት ያለ ነው፤ ቪየና ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። አናቱ ላይ የፍየል ራስ አለበት። ትንሽ አድርጋችሁ ስትሥሉት ቀንዶቹ ይጠፉና ባርኔጣ የለበሰ ንስር ይመስላል። ቀንዶቹን ከልኩ ትንሽ አስረዘምኳቸው።

ከዚያ 1939 መጣና ተጣላን።

ጣሊያን ኤፕሪል 7 ቀን 1939 አልባኒያን ወረረች። ዞግ የሁለት ቀን ሕፃን ልጁን ይዞ ወደ ግሪክ ሸሸ። ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ የአልባኒያን ዘውድ ተቀበለ። ከንስሩ ግራና ቀኝ ፋሾ ቆመ፤ ያ መጥረቢያ የገባበት የበትር እስር፣ የፋሺስቶች ምልክት። ደንበኛዬ «ይሄንን ተወው። ካፌዬ ውስጥ አልሰቅለውም» አለኝ።

እኔ ደግሞ መተው አልፈለግኩም። ይኸው ንጉሥ ከ1936 ጀምሮ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ ሲል የነበረው ነው። ማዕረጉ በተርታ የጣሊያንና የአልባኒያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይል ነበር። የእነሱ ዞግም የኛ ኃይለ ሥላሴም እንግሊዝ አገር በስደት ኖረዋል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ታዲያ አንተ ቤትህ ትሰቅለዋለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልሰቅልም።

ብዙ ተከራከርን። የኔ ሐሳብ፣ ከተርታው ካወጣነው አገሪቱ ከ1928 ወደ ኮሚኒስቶቹ ዘልላ የገባች ይመስላል ነው። የሱ ሐሳብ ደግሞ ግድግዳ መጽሐፍ አይደለም፣ ሰው ቡና እየጠጣ የሚያየው ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። በመጨረሻ ቦታውን ሳንዘልል ቀለሙን ነሣነው። ያ ባንዲራ በነጭ ወረቀት ላይ በቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ተሣለ፤ ቀይ የለውም። ዛሬ ካፌው የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ተርታ የምትሠሩ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ይህን ንግግር ገና ሥዕሉ ሳይጀመር ጨርሱት፤ ሒሳብም ላይ ለውጥ ያመጣል።

የኮሚኒስቱ መሪ የኤንቨር ሆጃው ቀላል ነው። በ1946 ከሁለቱ ራሶች በላይ ወርቃማ ጠርዝ ያላት ቀይ ኮከብ ገባች። ውስጧም መደቡም ቀይ ስለሆነ የምትታየው በጠርዟ ብቻ ነው። መስመሩን ካላወፈራችሁ ከሩቅ ትጠፋለች። አንድ ጣልቃ ነገር ልበል፤ በ1977 ዓ.ም. ሕወሓት ውስጥ የተመሠረተው የኛው ማሌሊት (ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ ትግራይ) ለትክክለኛ ሶሻሊዝም አርአያ አድርጎ ያይ የነበረው አልባኒያን ነው። ይህን ለደንበኛዬ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። አክስቱ ግን አልሳቁም። ኮከቧን በጣታቸው እየነኩ «ለዳቦ የተሰለፍነው በዚህች ሥር ነው» አሉ።

ኮከቧ ኤፕሪል 7 ቀን 1992 ተነሣች። ጣሊያን በገባበት በዚያው ቀን፣ ከ53 ዓመት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ከንስሩ ራስ በላይ ባዶ ነው። መጠኑን የ2002 ሕግ ወስኖታል፤ ቁመቱ 5 ከሆነ ርዝመቱ 7 ነው።

ይህ 5 ለ 7 ማተሚያ ቤት ላይ ችግር ያመጣል። የተዘጋጀው ፍሬም 2 ለ 3 ነው፣ ሠራተኛውም ሳይጠይቅ ስቦ ይሞላዋል። ንስሩ ይወፍራል። ፋይሉ ዙሪያ ነጭ ዳር ትታችሁ ስጡ እንጂ «እንዳትስቡት» ብሎ ማስታወሻ መጻፍ አያስተማምንም፤ የሚያነበው የለም። ቀዩም እንደዚያው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀይ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ ማተሚያው አራት ቀለማት፣ ሲቀየር የደረቀ በርበሬ ይመስላል። መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት አሳትሙና በቀን ብርሃን እዩት። በላባዎቹ መካከል ያለችው ቀጭን ቀይ ክፍተትም በጥቁሩ ቀለም ትዋጣለች። ከመላካችሁ በፊት ክፍተቷን አስፉ፤ ስክሪን ላይ የበዛ መስሎ ሲታያችሁ ወረቀት ላይ ልክ ይመጣል።

ያልሠራኋቸውም አሉ። ኦክቶበር 2014 ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያና አልባኒያ ሲጫወቱ በድሮን ተንጠልጥሎ ሜዳ ላይ የወረደውን ጨርቅ ደንበኛዬ በጣም ፈልጎት ነበር። የኢስማኢል ቸማሊ ፎቶ፣ ንስሩና የ«ታላቋ አልባኒያ» ካርታ ያለበት ነው። ተጫዋቾቹ ተደባደቡበት፣ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ኋላም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት 3 ለ 0 ለአልባኒያ ፈረደ። የመንግሥት ባንዲራ ሆኖ ስለማያውቅ ከተርታው አላስገባሁትም። ከፈለገ ለብቻው ቲሸርት ላይ እንደማትምለት ነገርኩት። የኮሶቮውን ሰማያዊ ባንዲራ ደግሞ ሌላ አገር ነው ብዬ ተውኩት። እሱ እዚህ ላይ አልተስማማም። ካርታና ስድስት ኮከብ ያለበትን አንዱን ከገበያ ገዝቶ ራሱ ቆጣሪው አጠገብ ለጥፎታል።