ፍጥነቱ የተዛባ ካሴት ላይ ያለውን ዘፈን መለየት፤ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። ከዘመድ ቤት ካመጣኋቸው ካሴቶች አንዱ ላይ ዘፋኙም ርዕሱም አልተጻፈም። የስልኬ አፕ ሊያውቀው አልቻለም። ለካ ያው ቅጂ ከድሮ ጀምሮ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ካሴቱ 4 በመቶ ያህል ስለሚፈጥን ነው ያልተገናኙት።

ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጡን አልፈዋለሁ። ደህና ቴፕ፣ አንድ ገመድና ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጥረጉት፣ ቺንጋው ከላላ ቀይሩት። ዋናው ራስ ምታት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አቬሪ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው የሻዛም (ዘፈን ሰምቶ የሚለየው አፕ) አሠራር ቀላልና ጎበዝ ነው። ከድምፁ ውስጥ ጎልተው የወጡ ነጥቦችን ይመርጥና ጥንድ ጥንድ ያደርጋቸዋል። የሁለቱ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) እና በመካከላቸው ያለው ጊዜ አንድ ላይ አሻራ ይሆናሉ። ካፌ ጫጫታ ውስጥም ይሠራል። ፍጥነት ሲቀየር ግን ሦስቱም ቁጥሮች ይቀየራሉ። ለምሳሌ አንዱ ነጥብ 880 ኸርዝ፣ ሌላው 1320፣ ልዩነታቸው ግማሽ ሰከንድ ነው እንበል። ካሴቱ 4 በመቶ ሲፈጥን 915፣ 1373 እና 0.48 ሰከንድ ይሆናሉ። ፍለጋው የሚያመሳክረው ቁጥሮቹን እንዳሉ ስለሆነ አለቀ፣ አይገናኙም።

አሁን 1320ን ለ880 አካፍሉ፤ 1.5። 1373ን ለ915 አካፍሉ፤ ያው 1.5።

ቤልጂየማዊው ጆረን ሲክስ ከማርክ ሌማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ፓናኮ የተባለ ዘፈን መለያ ፕሮግራም በዚህ ላይ የቆመ ነው። በጥንድ ፈንታ ሦስት ነጥብ ይወስዳል። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ያለውን ጊዜ፣ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ላለው ያካፍላል። ቢፈጥንም ቢዘገይም መልሱ ያው ነው። ድግግሞሹንም በኦክታቭ ሚዛን (እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ እርከን እየቆጠረ) ስለሚለካ፣ ነጥቦቹ ሁሉም እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ እንጂ ቅርጻቸው አይፈርስም። ነፃ ነው። ሲያገኝ ደግሞ ጊዜውና ድግግሞሹ በስንት እንደተለወጡ ለየብቻ ይነግራችኋል። ሁለቱ አብረው ከሄዱ የቴፕ ሞተር ነው። ጊዜው ብቻ ከተለወጠ አንድ ሰው በኮምፒውተር ነካክቶታል።

እኔ ግን ከፓናኮ በላይ የምወደው ሌላ ነገር አለ፤ ከኮረንቲ የሚገባው «እምምም» የሚል ድምፅ፣ ሃም የምንለው። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሲቀዳ ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ ካለ፣ ሃሙ ካሴቱ ላይ ይቀራል። ፋይሉን በሰከንድ ወደ 2000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) አውርዱትና የስፔክትረሙን (ድምፁን በድግግሞሽ ዘርዝሮ የሚያሳየውን ሥዕል) መስኮት 8192 ሳምፕል አድርጉት። ሩብ ኸርዝ ድረስ ይለያል። የኔው ካሴት ላይ 50 ላይ አንድ ደማቅ መስመር፣ 52 ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሌላ መስመር ነበር። 50ው አሁን የማጫውትበት ቴፕ የራሱ ሃም ነው። 52ው ሲቀዳ የገባው ነው። 52 ለ50፣ ይኸው 4 በመቶ! እዚያ አካባቢ ካልታያችሁ 100 ኸርዝ ጋ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጎላል። አሜሪካ ተቀድቶ የመጣ ካሴት ከሆነ ደግሞ 60 አካባቢ ነው የሚፈለገው።

«ክራሩን ከ440 ኸርዝ (ከፒያኖ መቃኛው ድምፅ) ጋር አስማሙት፣ ፍጥነቱ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። በጭራሽ አልስማማም። ክራርም ማሲንቆም የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፣ ለፒያኖ አይደለም። ጆሮም ብቻውን አያድናችሁም። ትዝታ ይሁን ባቲ፣ ቅኝት የሚታወቀው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ካሴቱ 4 በመቶ ቢፈጥን ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም የሚጎረብጥ ነገር አትሰሙም።

እውነቱን ለመናገር የፓናኮ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ስንፍና ሲይዘኝ የማላውቀውን ዘፈን ሶክስ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ከ8 በመቶ ዝቅ እስከ 8 በመቶ ከፍ፣ በየ1 በመቶው እያባዛሁ እንደ ሻዛም ባለ ተራ መፈለጊያ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። አያምርም፣ ግን ስብስባችሁ ትንሽ ከሆነ ይበቃል። «ስፒድ» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ፣ «ቴምፖ» የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሳይነካ ጊዜውን ብቻ ነው የሚቀይረው።

ያቃተኝ በባትሪ ድንጋይ የተቀዳው ነው። ሃም የለውም። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ የመቅጃው ሞተርም ስለዘገየ፣ አሁን በደህና ቴፕ ሲጫወት እየቆየ ይፈጥናል። በ20 ሰከንድ እየቆራረጥኩ ስፈልገው መጀመሪያው አካባቢ ይገኛል፣ ወደ መጨረሻው ይጠፋል። ቁርጥራጩን ማሳጠር ይሻል ይሆን ወይስ የባለፈውን ቁራጭ ፍጥነት ይዞ ቀጣዩን ቀድሞ ማረም? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።