ኮምቦልቻ፦ መንገዱ ሲሰፋ ሱቁ ሲሰምጥ

ከባሕር ዳር በወልዲያ በኩል እስከ ደሴ ያለው ጉዞ ከመርዘሙ በስተቀር የሚጻፍ ነገር አልነበረውም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ግን አጭር ቢሆንም አያስተኛም፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከደሴ ብርድ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ሙቀት ስለሚወርድ፣ ረዳቱ መሃል ላይ «ጃኬት የለበሳችሁ አውልቁ፣ ቆላ ገብተናል» ብሎ ቀለደ።

ከተማዋ ስንደርስ አስቀድሞ የተቀበለን አቧራ ነው። ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተቆፍሮ እየሰፋ ስለነበር ሚኒባሱ ከተሳቢዎች ኋላ ተሰልፎ ቆመ፤ ወርጄ የያዝኩት ባጃጅም መንገዱ መዘጋቱን ምክንያት አድርጎ 200 ብር ተቀበለኝ። የአገሩ ሰው ከሩቡ ያነሰ እንደሚከፍል የሰማሁት በማግስቱ ነው።

መንገዱ ለምን እንዲህ እንደተጨናነቀ ለመረዳት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ በዚህ ያልፋል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ ወደብ ጋር ለመገናኘት የሠራው የባቲና የሚሌ መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አሰብ ቢቀርም፣ ከባድ መኪናው ሚሌ ደርሶ ወደ ጅቡቲ ስለሚታጠፍ የወደብ ጭነቱ አልቀረም። በዚህ ላይ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱና የቆዳው ፋብሪካ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምረዋል። የወደብ ጭነትና ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሕፃን የሚተላለፉት በአንድ አስፋልት ላይ ነው።

ያደርኩበት ሆቴል «ከአስፋልት ዳር» መሆኑን እንደ ክብር ነግሮ 700 ብር አስከፈለኝ። ሩሎው፣ ማለትም የመንገድ መዳመጫው መኪና፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላም እየተንቀጠቀጠ አፈር ይጠቀጥቅ ስለነበር አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የሚያሰማው ጩኸት ደግሞ ጆሮ ይበሳል። እኔ መንገድን በጥላው የምመዝን ሰው ነኝ፤ ባሕር ዳር ከዘንባባው ሥር በብስክሌት የለመደ ሰው፣ ዛፉ ተቆርጦ ለተሳቢ የሚሰፋ መንገድ ቢጠቅም እንኳ አያስደስተውም።

ጠዋት አንዲት ሴት በጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ዘርግተው «አብሽር ወንድሜ፣ አይሰበርም» እያሉ እጄን ይዘው አሻገሩኝ፤ ቡናም የጠጣሁት እሳቸው ዘንድ ነው፤ የአቦሉን ሒሳብም «እንግዳ ነህ» ብለው አልተቀበሉኝም። እዚያው ተቀምጦ የነበረው የመንገዱ ፎርማን አስፋልቱ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽ አስረዳኝ። «ጋሼ፣ የአንድ አክስል፣ የጎማዎቹ ማያያዣ ዘንግ ማለት ነው፣ ጭነት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ አይደለም፣ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል» አለኝ። ከልክ በላይ የጫነ ተሳቢ በሙቀት በለሰለሰ አስፋልት ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ጎማው ቦይ ያወጣል፤ ቦዩ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን ያላላዋል። አሁን የቀድሞውን ቆርጠው ከአስፋልቱ ሥር የሚገቡትን ንጣፎች፣ ሰሌክት የሚሉትን የተመረጠ አፈር፣ ከዚያ ሰብ ቤዝና ቤዝ ኮርስ የሚሏቸውን የጠጠር ንጣፎች፣ በየተራ እየጠቀጠቁ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው።

ያላስደሰተኝ ይህ ሁሉ ንጣፍ ወደ ላይ ማደጉ ነው። መንገዱ ከአንዳንዱ ሱቅ ደጃፍ በጉልበት ቁመት ከፍ ብሏል፤ የውሃ መውረጃ ቦዩ ግን የመብራት ምሰሶውና የውሃ ቧንቧው ስላልተነሳ በየቦታው ተቋርጧል። ፎርማኑ ምሰሶው ሲነሳ ቦዩ እንደሚገጣጠም ነገረኝ፤ እኔ ግን ሐምሌ ላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦርከና ከመድረሱ በፊት ቡና ቤቱን እንደሚያቋርጥ ታየኝ። ቦዩ ከአስፋልቱ መቅደም ነበረበት፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ሴትዮዋም ምሰሶው እስኪነሳ የሚጠብቁ አይመስሉም፤ ወለላቸውን ከፍ ለማድረግ ድንጋይ መደርደር ጀምረዋል። ከሰሌክቱ አንድ ገልባጭ እንዲደፋላቸው ሲጠይቁት ፎርማኑ እያንዳንዱ መኪና ተቆጥሮ እንደሚገባ፣ መስጠት የሚችለውም ተቆፍሮ የወጣውን አፈር ብቻ እንደሆነ ነገራቸው።

«እሱንማ» አሉት ስኒውን እየሞሉለት፣ «ሳልለምንህ ደጄ ላይ ደፍተህልኛል።»